ማቆያ ለልጆቻችን፣ ደመወዝ ለሞግዚቶቻችን፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንጠይቅ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወስደው መንገድ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ። ጎመን የተሸከመች እናት ታልፋለች፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ያ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ጃንጥላ ሥር፣ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ነው የሚውለው። ቀጥላ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ባጃጅ ታስቆማለች። የእሷ ልጅ ቤት ቀርቷል። ከማን ጋር? ከገጠር ከመጣች የ13 ዓመት ልጅ ጋር። ያቺ ልጅ ራሷ ትምህርት ቤት መዋል ነበረባት።

ከተማችን ልጅ የምታሳድገው እንዲህ ነው። በአያት፣ በጎረቤት፣ በትንሽ ልጅ፣ በእናት ጀርባ። የግል ማቆያና ኬጂ አለ፤ ክፍያው ግን ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

እኔ ስድስት ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በማስተምርበት ቦታ ክረምት ሲገባ ደመወዝ ይቆም ነበር። አንድ ክረምት ለራሴ ልጅ ሞግዚት የምከፍለው አጣሁና አሰናበትኳት። እሷም ያለ ገቢ ቀረች፤ እኔም። ሁለቱ ችግሮች አንድ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ወላጅ ክፍያው ከብዶታል፤ ልጁን የምትይዘው ሴት ደግሞ የምታገኘው አይበቃትም። "ክፍያ ይቀነስልን" ብቻ ብለን ከጠየቅን ቅናሹ የሚወጣው ከእሷ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዴት? በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ለዩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደክመው። የሦስት ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዞ ትምህርት መምሪያ ይሄዳል፤ "እኛን አይመለከትም" ይባላል፤ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

ልጁ ጨቅላ ወይም ድክ ድክ የሚል ከሆነ ጉዳዩ የማቆያ ነው። ይህ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ነው፤ በከተማ ደረጃ መምሪያው፣ በክልል ደረጃ ቢሮው። ልጁ 5 ወይም 6 ዓመት ከሆነ ጉዳዩ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ የትምህርት መምሪያ። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል፤ አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይጀመራል። ድሮ "ዜሮ ክፍል" የምንለው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። አሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ "ሁለተኛው ዓመት የት አለ?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የ4 ዓመት ልጅ መሐል ላይ ይወድቃል። ለማቆያው አደገ፣ ለትምህርት ቤቱ አነሰ ይባላል። የእሱን ነገር ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በግልባጭ ጻፉ።

2. ሰፈራችሁን ቁጠሩ

"ችግሩ ከባድ ነው" የሚል ወረቀት መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙ አለ። "በዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ሕፃናት ቀን ቀን የሚውሉበት የላቸውም" የሚል ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ቁጠሩ። ከተማውን በሙሉ አይደለም። አንድ ቀበሌ፣ ወይም የቀበሌውን ግማሽ። ሽምብጥም ይሁን አባይ ማዶ፣ በእግራችሁ የምትጨርሱትን ያህል።

መጀመሪያ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኙ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የት የት ቤት እንዳሉ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰው መዝገብ ስጪን አትበሏት፤ አይገባም። የትኛው ጎጥ ብዙ ሕፃን እንዳለበት ብትጠቁማችሁ ይበቃል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤት ለቤት ሂዱ። ስም አትጻፉ። የምትጠይቁት ይህን ብቻ ነው፦ ስንት ሕፃን አለ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ቀን የሚውለው ከማን ጋር ነው፣ ለዚህ በወር ስንት ይወጣል፣ እናት ከቤት የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው።

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ማቆያ በ2 ሰዓት ተኩል ቢከፈት ለቢሮ ሠራተኛ ይሆናል። አትክልት የምትነግድ፣ ከጣና ዳር ዓሣ አንስታ የምትሸጥ፣ እንጀራ ለሆቴል የምታደርስ እናት ግን በዚያ ሰዓት ሥራዋን አጋምሳለች። ሰዓቱ ካልገጠመ ማቆያው ነፃ ቢሆንም ለእሷ የለም ማለት ነው።

ከወላጆቹ ቀጥሎ ሞግዚቶችን ቁጠሩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በአካባቢያችሁ ማቆያና ኬጂ የሚሠሩትን ሴቶች፣ ከሥራ ቦታቸው ውጭ፣ ለብቻቸው አነጋግሩ። ደመወዝሽ ስንት ነው? የሥራ ውል አለሽ? ጡረታ ይቆረጥልሻል? ሐምሌና ነሐሴ ይከፈልሻል? በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ትይዣለሽ? ሥልጠና ወስደሻል? የነገሯችሁን ስም ሳትጠሩ አንድ ላይ ደምሩት። ማን ምን እንዳለ እንዳይታወቅ ተጠንቀቁ። አንዲት ሴት በእናንተ ወረቀት ምክንያት ከሥራ ብትባረር ሌላዋ ዳግመኛ አታምናችሁም፤ ልክ ናት።

3. ሒሳቡን በወረቀት አስቀምጡ

እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ ሁሉም ነገር የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ ናቸው። እናንተ ሰፈር ያገኛችሁትን ተኩበት።

30 ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ እናስብ። ለ6 ልጅ አንድ ሞግዚት ብንል 5 ሞግዚቶች። አንድ ምግብ አብሳይና አንድ ጥበቃ ይጨመሩ፤ 7 ሠራተኛ። ለእያንዳንዳቸው 6,000 ብር እንክፈል፤ 42,000 ብር። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ አለ፤ 4,620 ብር። የቤት ኪራይ 20,000 ብር። ምግብ ለአንድ ልጅ በቀን 40 ብር ብንል፣ በ22 የሥራ ቀን 26,400 ብር። ውሃ፣ መብራት፣ ሳሙና 5,000 ብር። ድምሩ 98,020 ብር ነው። ለ30 ሲካፈል እያንዳንዱ ወላጅ በወር 3,267 ብር ገደማ ይከፍላል።

አሁን ወላጆች "2,000 ብር ይሁንልን" ብለው አሸነፉ እንበል። የሚሰበሰበው 60,000 ብር ነው። ኪራይ፣ ምግብና ሌላው ወጪ 51,400 ብር ይወስዳል። የሚቀረው 8,600 ብር ነው። ለ7 ሠራተኛ። ለአንዷ 1,229 ብር ገደማ። በዚህ ገንዘብ ማን ይቆያል? ጥሩዋ ሞግዚት በወሯ ትሄዳለች። ልጁ የለመዳትን እጅ ያጣል፤ ከአዲስ ሰው ጋር እንደገና ሲያለቅስ ይሰነብታል።

ሌላውን መንገድ እንሞክር። ቀበሌው ያለ ኪራይ ቤት ይስጥ። ወጪው 78,020 ብር ይሆናል፤ ለአንድ ልጅ 2,601 ብር። ከዚያ ላይ የአምስቱን ሞግዚቶች ደመወዝና ጡረታ፣ 33,300 ብር፣ ከተማ አስተዳደሩ ይሸፍን። ለአንድ ልጅ 1,491 ብር ይመጣል። ክፍያው ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከሞግዚቷ ደመወዝ አንድ ብር አልተነካም።

ይህን ሒሳብ በአንድ ገጽ ትልልቅ አድርጋችሁ ጻፉት። የሁለቱን ቡድን ጠብ የሚያበርደው እሱ ነው። ወላጅና ሞግዚት እርስ በርስ መወቃቀስ ትተው ወደ ሦስተኛው ከፋይ አብረው ይዞራሉ።

4. ሕጉን ያዙ

ሁሉንም ሕግ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የሚጠቅሟችሁ ጥቂቶች ናቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቷችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ደግሞ ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል። 90 የሥራ ቀን 6 ወር አይሞላም። መሐል ላይ የቀሩትን ሳምንታት እናት ምን ታድርግ? በሥራ ቦታዋ አጠገብ ማቆያ ከሌለ ወይ ጡቱን ወይ ሥራውን ትተዋለች። ይህን ለአሠሪዎች ስትናገሩ ጸጥ ብለው ይሰማሉ፤ እያንዳንዳቸው ቤት የደረሰ ነገር ነው። የራሷን ችርቻሮ ለምትሠራው እናት ደግሞ ያቺ 90 ቀን እንኳ የለችም።

ለመንግሥት ሠራተኞች፣ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ የሚያዝ ድንጋጌ ነበረው። የክልል ሠራተኛ የሚተዳደረው በክልሉ አዋጅ ነውና የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አንቀጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ስለ ሞግዚቶች ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው። ማቆያ ወይም ኬጂ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በአዋጅ 1156 ትሸፈናለች። በሰው ቤት የተቀጠረች ሞግዚት ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ጥሩ ማቆያ መክፈት ለእሷም መብት ወደሚገኝበት ሥራ መሸጋገሪያ ነው። ይኸው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ቁጥራቸው ያነሰ የተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኞችም አሥርና ከዚያ በላይ ሆነው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋምም ይናገራል።

5. ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ሞግዚቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ይኑሩበት

ሰባት ሰው ይበቃል። ቢያንስ ሁለቱ በሙያው ያሉ ሴቶች ይሁኑ። አባቶችን አትርሱ፤ "የሴቶች ጉዳይ" ተብሎ እንዳይጣል። ከእድሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሰው ጨምሩ። የሰፈሩን የኔታና የመድረሳውን መምህርም ጠይቁ። ኬጂ የሚባል ነገር ሳይታወቅ ሕፃናትን ሰብስበው ፊደል ያስቆጠሩ እነሱ ናቸው፤ ሰውም ቃላቸውን ይሰማል።

ስብሰባውን እሑድ ከሰዓት አድርጉት። ቅዳሜ ገበያ ነው። ወቅቱ ከባድ ስለሆነ ሳይመሽ ጨርሱ፤ ለቀበሌው አስቀድማችሁ አሳውቁ። ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የተገኘው ሁሉ ይፈርም። ያ ወረቀት ኋላ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አንድ ሰው ሻይ እያፈላ ሕፃናቱን ይያዝ። ስለ ሕፃናት ማቆያ ልናወራ ጠርተናት፣ ልጇን የምታስቀምጥበት አጥታ ከደጅ የተመለሰች እናት አይቻለሁ። አፍሬያለሁ።

6. ደብዳቤውን ጻፉ

አጭር ይሁን። አንድ ገጽ። የሚጠየቀው ነገር ተለይቶ ይታይ። እንዲህ አድርጋችሁ ጀምሩት፦

ቀን፦ ………
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በቀበሌያችን የሕፃናት ማቆያ እንዲከፈትና የተንከባካቢዎች ደመወዝ በበጀት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

እኛ የ……… ቀበሌ ነዋሪዎች ከ……… እስከ ……… ባደረግነው ቆጠራ ……… ሕፃናት ቀን የሚውሉበት ቦታ እንደሌላቸው አረጋግጠናል። ከእነዚህ ውስጥ ……… የሚሆኑት ከእናታቸው ጋር ገበያ ላይ፣ ……… የሚሆኑት ዕድሜያቸው ለሥራ ካልደረሰ ልጆች ጋር ይውላሉ። ስለዚህ፦
1ኛ. በቀበሌው ባለቤትነት ሥር ያለው፣ ……… አካባቢ የሚገኘው ክፍት ቤት ለማቆያነት እንዲሰጥ፤
2ኛ. የ5 ተንከባካቢዎች ደመወዝ በመጪው የበጀት ዓመት እንዲያዝ፣ የ12 ወርም እንዲሆን፤
3ኛ. ለተንከባካቢዎቹ ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና እንዲመቻች እየጠየቅን፣ የቆጠራውንና የወጪውን ዝርዝር … ገጽ አያይዘን አቅርበናል።

ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለትምህርት መምሪያ፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት

"የ12 ወር" የሚለውን እንዳታወጡት። የክረምቱን ደመወዝ የሚያስከፍለው እሱ ነው። ክፍት ቤትም ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጥቀሱ። "ቤት ይፈለግልን" ካላችሁ "ቤት የለም" ትባላላችሁ። የተዘጋ የቀበሌ ቤት፣ የወጣት ማዕከል ባዶ ክፍል፣ ሰፊ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት እየዞራችሁ እዩ። ለሐይቁ ወይም ለአባይ ቅርብ ከሆነ አጥር ያስፈልገዋል። ለሚተኙት ልጆች አጎበር አስቡ፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባ አለ።

ደብዳቤውን በሰው እጅ ሰጥታችሁ አትምጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት፤ ቁጥርና ቀን ይስጡት። የራሳችሁ ቅጂ ላይ ገቢ የተደረገበት ማኅተም ይረፍበት። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የለም።

7. ወቅቱን ጠብቁ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ የሚገባ ጥያቄ ውሃ በልቶታል። ቆጠራውን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጨርሱ፤ ዝናቡ አልፏል። ደብዳቤው ቢዘገይ ከጥምቀት ማግስት ይግባ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው እየሄደ ቁጥሩን ጠርቶ ይጠይቅ። ግንቦት ላይ የከተማውን ምክር ቤት አባላት አግኟቸው።

ለእነሱ አንዲት ጥያቄ በቂ ናት፦ ከከተማችን የትምህርት በጀት ስንት በመቶው ለቅድመ አንደኛ ነው? በኅዳር 2015 ታሽከንት ላይ ዩኔስኮ በጠራው ጉባኤ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለዚህ ዕድሜ እንዲያውሉ የሚል መግለጫ ወጥቷል። የኛ ስንት እንደሆነ በስብሰባ ላይ ይነገር። "ይህ የከተማ አስተዳደር ሥራ አይደለም" ካሉም አዲስ አበባን ጥቀሱ። የከተማው አስተዳደር የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም አቋቁሞ ማቆያዎችን ከፍቷል፤ ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጅ የሚያማክሩ ሠራተኞችም አሰማርቷል።

8. አሠሪዎችን ለብቻ አነጋግሩ

ብዙ ሴቶች የሚሠሩበትን ቦታ ምረጡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በከተማው ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች። ለሥራ አስኪያጅ ስለ መብት ከማንሳታችሁ በፊት ስለ ቀሪ ሠራተኛ ጠይቁት። ልጅ ታሞ፣ ሞግዚት ጠፍታ በወር ስንት ሴት ትቀራለች? ሠልጥና ከወለደች በኋላ የማትመለስስ? እሱ ራሱ ያሰላዋል። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ክፍል ብቻ ሳይሆን አሠልጣኝም አለው። ፔዳ የምንለው ግቢው የተመሠረተው መምህር ለማፍራት ነው። የሰፈር ሞግዚቶች በእረፍት ቀናቸው አጭር ሥልጠና እንዲያገኙ መጠየቅ ያለቅጥ የበዛ ጥያቄ አይደለም።

መልስ ከዘገየ ወደ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ሂዱ። ስሞታ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቆጠራውንና የሒሳቡን ገጽ ውሰዱ። ለመናገር ፈቃደኛ የሆነች አንዲት እናትና አንዲት ሞግዚት አብረው ቢቀርቡ ጥሩ ነው።

9. ከተከፈተ በኋላ አትበተኑ

የእምቦጩን ጊዜ አስታውሱ። ስንት ሰው ከየት ከየት መጥቶ ጣና ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ! ዘመቻው ሲቀዘቅዝ አረሙ ተመልሶ አበበ። ማቆያም ሪባን ተቆርጦለት፣ በዓመቱ መጋዘን ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው በወር አንድ ቀን ይሂድ። ልጆቹ ስንት ናቸው፣ ሞግዚቶቹ ስንት ናቸው፣ የሄደች አለች? ከሄደች ለምን? ውሃ አለ? የሥራ ውል ለሁሉም ተሰጥቷል? ሠልጥና ምዘናውን ያለፈችው ላይ ደመወዝ ተጨመረ? ካልተጨመረ ሥልጠናው ወደ ሌላ ሥራ መሸኛ ይሆናል።

ሐምሌ 30 ላይ ደግሞ ዝናብም ቢሆን ሂዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የዚህ ወር ደመወዝ ገባ? ካልገባ በነሐሴ መጀመሪያ ሁለተኛው ደብዳቤ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተጠቅሶ፣ በዚያው ግልባጭ።